አባዬ በማዕድን ቆፋሪዎቹ መንገድ ላይ የካበው ካብ

ጫካ ውስጥ ያለ፣ ቁመቱ ከወገብ የማይበልጥ የድንጋይ ካብ ታሪክ ተብሎ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ነገር ግን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ፣ ዝናብ ዘንቦ የርጥብ ዝግባ ሽታ በመስኮቴ በገባ ቁጥር፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ አባዬ ድንጋይ ሲመርጥ ይታየኛል።

አባዬ አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ባለችው የኦበርን ከተማ በአንድ መጋዘን ዕቃ ይጭን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከሲያትል ወጣ ብሎ ወዳለው የወረዳው ደን ይወስደኝና፣ ድሮ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ይመላለሱበት በነበረው የእግር መንገድ እንወጣ ነበር። የተደፈነው የከሰል ጉድጓድ አፍ ላይ ስንደርስ ኮፍያውን አውልቆ፣ እዚያ ለሞቱት ቆፋሪዎች «ነፍስ ይማር» ሳይል አይመለስም ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ዳገቱ ተናደና የመንገዱን ግማሽ ይዞ ወረደ። የፓርኩ ሠራተኛ ሊን፣ «ሲናድ ይኸው ሦስተኛው ነው፤ ከእንግዲህ ከተናደ መንገዱ ለዘለዓለም ይዘጋል» አለችን። አባዬ ይፋት ውስጥ፣ ገደሉን በእርከን ከሚያርሱ ሰዎች መካከል ነው ያደገው። «በድንጋይ ብቻ፣ ያለ ሲሚንቶ እክበዋለሁ፤ ቃሌ ነው» ሲላት ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ።

እማዬ ሳቀችበት። «ሶ፣ ከድንጋይ አምልጦ አሜሪካ የገባ ሰው ድንጋይ ፍለጋ ጫካ ይወርዳል?»

«ምን ላድርግ፣ ተከትሎኝ መጣ» አላት ጫማውን እያሰረ።

ድንጋዩን በመዶሻ እየመታ፣ ድምፁን እያዳመጠ፣ የተሰነጠቀውን እየጣለ፣ ከኋላው አፈር ጠቅጥቆ፣ መርፌ እንኳ እንዳያስገባ አድርጎ ካበው። መንገዱን ሊጠግኑ የመጡት ሌሎች በጎ ፈቃደኞች አጨበጨቡለት።

የሲያትል ክረምት ግን ወርዶ የሚያባራ አይደለም፤ ለሳምንታት ሳያቋርጥ ያካፋል። በጥር ስንሄድ ካቡ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሊፈርስ አዘንብሎ አገኘነው።

«ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ» አልኩት።

«ምኑ ነው ኦኬው? የአገሬን ክረምት አስቤ ካብኩት እኮ! የእኛ ዝናብ መትቶ ይሄዳል፤ ይሄኛው ገብቶ ይቀመጣል። መውጫ አልተውኩለትም።»

ከዚያም ባጨበጨቡለት ሰዎች ፊት የገዛ ሥራውን አንድ በአንድ ማፍረስ ጀመረ። አፍሬ ዛፍ ሥር ተደበቅኩ። ሊን «ዝግ ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቅላ፣ «እንደገና ክበው፤ የሚቀጥለውን ክረምት ከቻለው ሰሌዳውን አነሣለሁ፤ ካልቻለው ግን አበቃ» አለችው።

በጸደይና በበጋ እንደገና ካበው፤ አሁን ግን ከኋላው ጠጠር እየሞላ፣ በድንጋዮቹ መካከል ቀዳዳ እየተወ። ዝናቡ ሲመለስ በየቅዳሜው እየሄድን እጃችንን ቀዳዳው ላይ እናደርግ ነበር፤ ውሃው ቀጭንና ንጹሕ ሆኖ፣ አፈር ሳይዝ ይወርዳል፤ ካቡም ንቅንቅ አላለም። ክረምቱ ሲያልፍ ሊን ጎንበስ ብላ በትከሻዋ ገፋችው፣ በእግሯም መታችው፤ ከዚያ ሰሌዳውን ነቅላ በብብቷ ይዛ ወረደች።

ያኔ የኮራሁበት ካቡ ስለቆመ ነበር። ዛሬ፣ የተሳሳትኩትን የቤት ሥራ ሰርዤ እንደገና ስጀምር፣ ይበልጥ የሚያኮራኝ ሰው እያየው ያፈረሰባት ያቺ የጥር ቅዳሜ ናት። መንገዱ ለእግረኛ የተከፈተው ከዚያ ጥር በቀጣዩ ዓመት፣ በሆሳዕና ዋዜማ ነበር።