ሲካፈል የሚበዛ

ቁጣዬ ቶሎ ነው፤ አልክድም። እናቴ «አንቺን ያማጥኩሽ በርበሬ ስቀነጥስ ነው» ትለኝ ነበር። ያን ሰኞ ከኮሚቴው ስብሰባ ስወጣ ግን በከንቱ አልተቆጣሁም።

ደብረ ታቦር ውስጥ፣ በሁለት ዓመት አስተማሪ አሠልጥኖ በሚያስመርቅ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ። የዓመቱን ምርጥ የሒሳብ መምህር የምንመርጠው አምስት ሆነን ነው። እኔ የጠቆምኩት ራሴን ያስተማሩኝን ሽማግሌ ነበር። የቤተ ክህነት ትምህርት ስለቀመሱ ሁላችንም «የኔታ» እንላቸዋለን። በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ፤ ዘንድሮ ካልተሸለሙ ሌላ ዓመት የላቸውም። ቅጹ «የታተሙ ጽሑፎች»፣ «የተወሰዱ ሥልጠናዎች» እያለ ይጠይቃል። የኔታ ሁሉንም ባዶ ትተው ከግርጌው «አስተምራለሁ» ብለው ፈርመውበታል።

«ታዲያ በምን እንሸልማቸው?» አሉ ሰብሳቢው። ሌላው እጩ ወጣት ነው። እሱም የየኔታ ተማሪ የነበረ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ማስረጃው ወፍራም ክላሰር ሞልቷል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይሄ ነው፤ ስንቱን ለወረቀት አብቅተው እሳቸው ወረቀት የላቸውም። ማስረጃ እንዳመጣ አንድ ሳምንት ሰጡኝ።

የእኔ ማስረጃ ዳቦ ነበር።

ተማሪ ሳለሁ የኔታ «ግማሽ ለሩብ ሲካፈል ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አንድ ስምንተኛ» አልኩ። «ሁለት ነው» ሲሉኝ ደሜ ፈላ። «የኔታ፣ እኛ ቤት ሰባት ልጆች ነን። ሲካፈል ያንሳል እንጂ ሲበዛ አይቼ አላውቅም» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም።

«እውነቷን ነው፤ ያሳሳታት ቃሉ ነው» አሉና ቤተሰቦቼ ከእብናት የላኩልኝን ስንቅ እንዳመጣ አዘዙኝ። ድፎውን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አሁን ማካፈል የሚለውን ቃል እርሺው። በዚህ ግማሽ ውስጥ የድፎው ሩብ ስንት ጊዜ አለ?» ቆረስኩ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ዳቦዬን ለክፍሉ አደሉት፤ ለእኔ የደረሰኝ ጉርሻ አይሞላም ነበር። በዚህ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ግን ስሳሳት «እንዴት አሰብሽው?» ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ እወዳቸዋለሁ።

በዚያው ሳምንት ማስተማር የሚለማመዱ ተማሪዎቻችንን ልከታተል ገሳይ ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አንዲት ተለማማጅ ለልጆቹ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቅ አንዷ ሕፃን ያንኑ የእኔን ስሕተት መለሰች። ተለማማጇ ጠመኔውን አስቀመጠችና «እንዴት አሰብሽው የኔ እናት?» አለቻት። ከዚያ ከቦርሳዋ ግማሽ ዳቦ አወጣች። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እንባዬ መጣ። ማን እንዳስተማራት መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ያየሁትን ጽፌ ለኮሚቴው አነበብኩ። ድምፅ ስንሰጥ ሁለት ለሁለት ሆነ፤ ሰብሳቢው ማንንም ላለማስቀየም ሽልማቱ ለሁለቱ ይካፈል አሉ። አንድ የምስክር ወረቀት፣ ሁለት ስም። እንደ እብድ ለብቻዬ እያወራሁ ወደ የኔታ ቢሮ ሄድኩ። የፈተና ወረቀት እያረሙ ነበር።

«ዕድሜዎን ሙሉ ደክመው ግማሽ ሰጡዎት የኔታ» አልኳቸው።

«ሌላው ግማሽ ለማን ደረሰ?»

ነገርኳቸው። እስክሪብቶውን አስቀምጠው ፈገግ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ሲካፈል ያንሳል ትያለሽ? እሱንስ ማን አስተማረው? እስቲ ቁጠሪልኝ፤ በዚያ ወረቀት ውስጥ እኔ ስንት ጊዜ አለሁ?»

መልሱን አውቀው ነበር።

«ሁለት ጊዜ» አልኳቸው።