አደራ የተሰጠች ዜማ

ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር፣ ፀጋ በምታስተናግድበት ምግብ ቤት፣ በዚያ ሙቀት ክራቫታቸውን ሳያላሉ የሚቀመጡ ሽማግሌ አሉ። ድሮ ለትልቅ ኦርኬስትራ ሙዚቃ ይደርሱ ነበር፤ የጻፉት ኖታ ሁሉ በጦርነት ተቃጥሏል። የቀረቻቸውን አንዲት ዜማ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ያንጎራጉሩላታል።

"እኔ እየረሳሁ ነው ልጄ። አንቺ ያዥልኝ፤ አደራ!"

ዛሬ ሳይቀመጡ እጇን ለቀም አደረጉ።

"ጠፋችብኝ! በማርያም፣ በይልኝ።"

ፀጋ ክው አለች። እሷም ረስታታለች። ሲጨንቃት አፏ ላይ የመጣላትን አንጎራጎረች፤ ሰሞኑን ሬዲዮኑ የሚለፍፈው የሳሙና ማስታወቂያ ነበር።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። እንባቸው ክራቫታቸው ላይ ተንጠባጠበ።

"እሷ ናት" አሉ። "ተመስገን! ነገም እንዳትረሺብኝ።"