ሰረቅህ የተባልኩት ቧንቧ

የስደት ታሪካቸውን የሚጽፉ ወገኖቼ ሁሉ «በዚያ ጨለማ ሌሊት» ብለው ይጀምራሉ። እኔ ከነቀምቴ የወጣሁት ፀሐይ ወጥታ፣ መናኸሪያው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ነው። ሆን ብዬ ነው፤ በሌሊት የሚወጣ ሌባ ነው። አለቃዬ ኢንጂነር ግርማ ሦስት ቧንቧ ሰረቀ ብሎ ከሥራ አባሮኝ፣ ለፖሊስም ከስሶኝ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሥራችን መሬት እየበሱ አፈር ማውጣት፣ ከዚያም የከርሰ ምድር ውሃ የሚታይበት ቀጭን የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ መትከል ነበር። እዚያው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ነዳጅ ማደያ ቁልቁል፣ የአዴ ጫልቱ ግቢ አለ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ ጎረቤት ናቸው፤ ውሃ የሚጠጡትም ከግቢያቸው ጉድጓድ ነው። ማደያው ያፈስ እንደሆነ ለማወቅ እዚያ በሳን። ከዘጠኝ ሜትር የወጣውን አፈር አንስቼ አሸተትኩት። ቀዩ አፈራችን ጠቁሯል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

«ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ ነዳጅ ነው» አልኩት።

«አንተ ቆፋሪ ነህ ወይስ ላቦራቶሪ? ድፈነው! ከማደያው ሽቅብ እንበሳለን።»

ከላይ ያለውን ንጹሕ አፈር የአዴ ጫልቱ ግቢ ነው ብሎ ሊጽፍ ነው። እሱ ጥሬ ሥጋ ሊበላ ሄደ፤ አዴ ጫልቱ ገበያ ናቸው፤ የማሽኑ ሾፌር ጥላ ሥር ያንኮራፋል። እኔም አልደፈንኩትም። ባለ ሦስት ሜትር የሆኑትን ሦስት ቧንቧዎች አገጣጥሜ አወረድኩ፤ ውሃ የሚያስገባው ባለ ቀዳዳው ከታች። ዙሪያውን ጠጠር ሞላሁ፣ ከላይ የዝናብ ውሃ እንዳይሰርግ በሸክላ አፈር ጠቀጠቅኩት። ከዚያ ከድኜ የአዴ ጫልቱን የልብስ ማጠቢያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫንኩበት። የጠፋው ቧንቧ እሱ ነው።

ብናገር ኖሮ በዚያው ቀን ሲሚንቶ ይሞላበት ነበር። ሌላ መርማሪ እስኪመጣ ስድቡን ዋጥኩት። ለአዴ ጫልቱ ብቻ «የግቢዎን ውሃ አይጠጡት» ብያቸው ወጣሁ።

በረሃው ላይ የሚያሻግሩን ደላሎች ብዙ እንዳንጠጣ ውሃው ውስጥ ቤንዚን ጠብ ያደርጉበታል። ሌላው ሲያስመልሰው እኔ ግርማን እየረገምኩ ጠጣሁ። ባሕሩንም በእሱ ንዴት ነው የተሻገርኩት።

ጀርመን ስደርስ የሥራ ፈላጊዎች ቢሮዋ፣ የጆብሴንተሯ ሴት ሙያዬን ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ማስረጃ አለህ?»

«ዘጠኝ ሜትር መሬት ውስጥ ተቀብሯል።»

«ፎቶ ኮፒውን አምጣ» አለችኝ።

አከራዬ ሄር ብራንት ደግሞ የጫማዬን ጭቃ አይቶ መንገድ ዘጋብኝ። ቆሻሻ መጣያዎቻቸው በየቀለማቸው ናቸው። «ቡናማው ውስጥ ልጣለው?» አልኩት። «ፌርቦተን!» ክልክል ነው ማለቱ ነው። «ቢጫውስ?» «ፌርቦተን!» «እንግዲህ አገሬ ልላከው?» ስለው አሰበበትና «ጉምሩክ ጠይቅ» አለኝ።

እሁድ እሁድ ድንች ልጬ ቀቅዬ፣ የአገሬ ሥራ ሥር አንጮቴ ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ፤ ሆዴ ግን አይታለልም። ሥራዬ ያው የጥንቱ ነው፣ አንድ የተዘጋ ማደያ ዙሪያ እንበሳለን። ማደያው ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ውሃው ግን ዛሬም ይሸታል። መጀመሪያ ቀን «ሸተተኝ» ስል አለቃው ማሽኑን አስቁሞ ስልክ ደወለ፣ መንገዱም ተዘጋ። እዚያው ቆሜ በንዴት አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ለግርማ ጤና እጸልይ ነበር፤ ሞቶ እንዳያመልጠኝ።

በአራተኛ ዓመቴ፣ ባለፈው ሳምንት፣ አዴ ጫልቱ ደወሉ።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ? ደህና ነህ ልጄ? የውሃ መርማሪዎች ግቢዬን ሞልተውታል። ያ ግርማም አብሯቸው አለ፤ ወረቀት እያሳየ እዚህ ንጹሕ ነው ይላል።»

«አዴ፣ ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ይልቀቁት። ልብስ የሚያጥቡበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስነሡ።»

«ድንጋዬ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ብቻ ያስነሡት!»

ድንጋዩ ሲገፋ ሰማሁ። ክዳኑ ተከፈተ። አንዲት መርማሪ ሴት «ውይ! ቤንዚን!» አለች። መለኪያዋን አወረደችና «ዘጠኝ ሜትር» ብላ ጮኸች።

«ይሄን ማነው የቀበረው?» አለ ግርማ። ድምፁን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።

«ሌባው ነኝ፣ ኢንጂነር። ሦስቱም አሉልህ፤ ቆጥረህ ተረከብ።»

አንድ ሰው ከት ብሎ ሳቀ። አልዋሽም፣ ከማር በላይ ጣፈጠኝ።

ሰዎቹ ሲሄዱ አዴ ጫልቱ ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱት። «ገላቶሚ፣ ተባረክ ልጄ። ከእንግዲህ ማንም ሌባ አይልህም» አሉኝ። ቀጥለውም «ውሃዬንስ መቼ ነው የምጠጣው? ከወንዝ መመላለሱ ጉልበቴን ጨረሰው» አሉ። ሰባን አልፈዋል።

ሥራዬ ነውና መልሱን አውቀዋለሁ። «እዚህ ያሉትን ጠይቄ እደውላለሁ፣ አዴ» አልኳቸው። ይኸው ሳምንት ሆነኝ፤ አልደወልኩም።