ጸበልም ይቆጠራል ወይ?

ውሃ ጠጥታችሁ ሳለ «ምንም አልቀመስኩም» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ያውም ሳትዋሹ? «በጭራሽ!» ለማለት አትቸኩሉ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሳንባ እያስተማርኩ ይህንኑ ጥያቄ ሳነሳ ተማሪዎቼ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን ጠመኔዬን እንደያዝኩ ሐሳቤ ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ዘመኔ ነጎደ፤ እናቴን ለእንቅርት ኦፕራሲዮን ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ወደወሰድንበት ጥቅምት።

የእናቴ እንቅርት ከእኔ ጋር ነው ያደገው ማለት ይቻላል። ለዓመታት ነጠላዋን እያጣፋች ስትሸፍነው ኖራ፣ በመጨረሻ የአየር ቧንቧዋን ይጫን ጀመር። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምታድረው። ክረምት ላይ ተራ ደርሷት መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ቀረን። አሁን ቀዶ ሐኪሙ ከደሴ የመጣው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ይህ ተራ ካመለጠ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም።

የጥቅምት ጠዋት በእኛ አገር ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ጀርባ ትጠብሳለች። ሚኒባሱ ኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ እናቴ ትንፋሿ እየተቆራረጠ እንኳ የባቄላ እሸት ትፈለፍልልኝ ነበር። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፍርሃቴ ይልቅ ጉጉቴ ይበልጥ ነበር። ሰው ተቀዶ የማይሰማው እንዴት ነው? በመጽሐፍ ያነበብኩትን ሰመመን በዓይኔ ላየው ነው!

በማግስቱ ጠዋት ወደ አልጋችን የመጣው የሰመመን ባለሙያ ዘውዱ የሚባል ፈገግታ የማይለየው ወጣት ነበር። ሕመምተኛ የሚያስተኛውም የሚያነቃውም እሱ ነው።

«እናቴ፣ ከትናንት እራት ወዲህ የበሉት ነገር አለ?»

«ምን በልቼ!»

«ውሃስ?»

«ማርያምን! ጠብታ አልቀመስኩም።»

እኔ ክው አልኩ። ጎህ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ አማትባ፣ ከቤት በሃይላንድ ይዛ የመጣችውን ጸበል አንድ ኩባያ ሙሉ ስትጠጣ አጠገቧ ነበርኩ። ደግሞ አልዋሸችም! በእኛ ዘንድ ጸበል ጾም አይገድፍም፤ እንዲያውም የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። እናቴን «ውሃ ጠጥተሻል?» ብትሏት ጸበሉ ትዝም አይላት።

«እማዬ፣ ጸበሉስ?» አልኳት በጆሮዋ።

ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ! ተራዬን ልታስነጥቂኝ ነው? ደሞ ጸበል ማንን ጎድቶ ያውቃል?»

ዘውዱ ፊቱን ሊያዞር ነው። ብናገር ተራዋ ሊሄድ ነው፤ ዝም ብል ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ማታ ነርሶቹ «ምንም አትቅመሱ» አሉን እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። አፌ ቀደመኝ።

«ጸበል ጠጥታለች! አንድ ኩባያ ሙሉ!»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ጉድ ሠራችኝ ይቺ ልጅ!»

ዘውዱ ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ጸበሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔ የምሰጥዎት መድኃኒት እንደ እንቅልፍ አይደለም። የተኛን ሰው ቢቆነጥጡት ይነቃል፤ ትን ቢለው ይስላል። በመድኃኒት የተኛ ግን ቢቆርጡትም አይሰማው፣ ትን ቢለውም አይስል። ጉሮሮው ላይ ያለው ዘበኛ አብሮት ይተኛል። ያን ጊዜ ከሆድዎ ያለው ወደ ላይ ከተመለሰ ቀጥ ብሎ ሳንባ ይገባል።»

«ጸበልም ቢሆን?»

«ሳንባ ምኑን ያውቃል፣ እናቴ? ለሱ ሁሉም ውሃ ነው።»

ይኼኔ ከጎናችን አልጋ ለተመሳሳይ ሕመም የመጡት እትዬ ዘይነባ ብድግ አሉ።

«ኧረ በአላህ! ዘምዘምም ይቆጠራል እንዴ?»

ሳዑዲ ያለችው ልጃቸው የላከችላቸውን የመካ ውሃ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጠጥተው ኖሯል! ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እናቴ ነጠላዋን ገልጣ፣ «አየህ፣ እሷም ጠጥታለች!» ስትል፣ «አብሽሪ እቴ፣ አብረን እንጠብቃለን» አሏት። መስኮቱ ሥር የተኙ አዛውንት ደግሞ እጃቸውን አውጥተው፣ «እኔስ እንደ ቋንጣ ደርቄያለሁ! ኑ ውሰዱኝ» አሉ። እሳቸው ቀደሙ።

ተራው አልጠፋም፤ ወደ ከሰዓት ተሸጋሸገ እንጂ። ንጹሕ ውሃ ከሆድ ለመውረድ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። እስከዚያ ዘውዱን በጥያቄ አጣደፍኩት፤ እሱም ሳይሰለች መለሰልኝ። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት በቅጽበት ያስተኛል። ቀጥሎ ወደ አየር ቧንቧው ቱቦ ይገባል፤ በዚያ በኩል የሚገባው ጋዝ ሰመመኑን ያቆየዋል፣ መሣሪያውም ይተነፍስላታል። እሱ ራሱ ቀዶው እስኪያልቅ ትንፋሿንና የልብ ምቷን እየተከታተለ ከራስጌዋ አይነሳም። «የሚከብደው ቱቦውን ማስገባት ነው» አለኝ። «የእናትሽ ቧንቧ ጠቧል። በዚያች ሰዓት ውሃ ቢመጣብኝ ኖሮ...» ብሎ ተወው።

ከሰዓት በኋላ የቀዶ ክፍሉ በር ተዘጋባት። ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ቆምኩ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና አልጋዋ እየተገፋ መጣ። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ በሻከረ ድምፅ፣

«መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለች።

«ጨርሰናል እኮ፣ እናቴ!» አላት ዘውዱ።

«ውሸታም!»

እጇን ወደ አንገቷ ልካ ፋሻውን ዳሰሰች። ያ ሁሉ ሰዓት ለእሷ እንደ አንድ የዓይን ጥቅሻ እንኳ አልነበረም! እኔ መዝለል ቃጣኝ፤ ዘለልኩም መሰለኝ፣ ነርሷ ተቆጣችኝ። ቤት ከገባን በኋላ እናቴ በጎኗ ጋደም ብላ ተኛች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ትንፋሿ ሳይቆራረጥ ሲገባና ሲወጣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

ዛሬ አስተማሪ ሆኜ ሳስበው፣ ዘውዱ የጠየቀው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ እናቴም የመለሰችው መልስ ትክክል ነበር፤ ሁለቱ ብቻ አልተገናኙም። ሰው የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው፤ ያውም በራሱ አቆጣጠር።

ካላመናችሁኝ ነገ ጠዋት ቤታችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ «ምን ቀመሳችሁ?» በሉ። «ምንም» ሲሏችሁ በስም በስሙ ጠይቁ፦ ክኒን መዋጫ ውሃ? ማስቲካ? ከኪስ የተዘገነች ቆሎ? የወጥ ጨው ቅምሻ? ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያለው ሰው ካላችሁማ ነገን አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ሂዱና ጠይቁት።