ለኮሸሽላ ሥር ብዬ ዝም ያልኩበት ጠዋት

ይህ የደረሰብኝ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያኔ የምንኖረው ዋግ ውስጥ፣ ፃግብጂ ገጠር ነበር። ዘመኑ ቢርቅም ኮሸሽላ ባየሁ ቁጥር ያ ጠዋት ይመጣብኛል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከመቁጠር ሌላ አልተማርኩምና አጻጻፌን እለፉልኝ።

ኮሸሽላን የማያውቅ ካለ፣ ድንጋያማ ዳገት ላይ የሚበቅል እሾሃም ተክል ነው። ቅጠሉም ግንዱም ይወጋል፤ ከብት አይደፍረውም። አበባው ግን እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ነጣ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ያብባል። እኛ ጋ ሥሩ ለትኩሳት መድኃኒት ነው ይባላል።

ባለቤቴ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ነበር። ቤት የቀረነው እኔ፣ አማቴና የሰባት ዓመቷ ልጄ እንጉዳይ ነን። እንጉዳይን ድንገት ትኩሳት ያዛት። አንገቷን ማዞር አቃታት፤ ብርሃን ስታይ ትጮሃለች።

በማግስቱ ማለዳ አማቴ እንዲህ አሉኝ፦

"ሂጂና የኮሸሽላ ሥር ቆፍረሽ አምጪ። ስትሄጂም ስትመለሺም ከሰው እንዳትነጋገሪ። ቃል ከአፍሽ ከወጣ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ልጅቱም አትተርፍልሽም።"

ያችን የመጨረሻዋን ቃል ፈራኋት።

ሥሩን ቆፍሬ፣ እጄ በእሾህ ደም በደም ሆኖ ስመለስ፣ ጎረቤታችን አያ ካሴ ከሸለቆው ማዶ ጠሩኝ። ባለፈው ሳምንት ፍየሎቻቸው ማሽላዬን በልተውብኝ ተኮራርፈን ነበር።

"ሙሉ! ሙሉ ሆይ! ቁሚ እንጂ!"

መንገዴን ቀጠልኩ።

"ምነው፣ ዋግ ሹም ሆንሽ እንዴ መልስ የምትነፍጊኝ? ለፍየል ብለሽ ነው ይህ ሁሉ ኩርፊያ? ነይማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ!"

ከሰማኋቸው እመልስላቸዋለሁ ብዬ ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ ጠቅልዬ ሮጥኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሸለቆውን ተሻግረው ሊከተሉኝ አልቻሉም።

አማቴ ሥሩን ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው አጠጧት። እኩለ ቀን ላይ ልጄ ተንፈራገጠች፤ ዓይኗ ተገለበጠ። ጩኸቴን ሰምቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ አያ ካሴም በትራቸውን ተደግፈው መጡ። ልጅቱን ሲያዩ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"የክትባት መኪና መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር እኮ! ልጅሽ መታመሟን ስነግራቸው ሰቆጣ እናድርሳት አሉ። የልጅ ሕመም ከማዶ ሆኖ አይጮህበትም ብዬ ነው ነይ ያልኩሽ። ስትሮጪ ያኮረፍሽኝ መሰለኝ።"

"መኪናውስ?" አልኳቸው።

"ሄደ፣ ልጄ። ጠዋቱን ሄደ።"

በቃሬዛ ተሸክመው ሰቆጣ ሆስፒታል ያደረሱን በማግስቱ ነው። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው አለ። ነፍሷ ተረፈች፤ ተመስገን አልኩ። ትንሽ ሰንብቶ የብረት ትሪ ከእጄ አምልጦ አልጋዋ ሥር ወደቀ። የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ደነገጠ። እንጉዳይ ግን ዞር አላለችም።

"ያን ጠዋት ባመጣት ኖሮ ትሰማ ነበር?" ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት።

"ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ እናቴ" አለኝ።

የሚገድለኝ ይህ መልስ ነው። አዎ ቢለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

አማቴ አርፈዋል፤ አንድም ቀን አልወቀስኳቸውም። አያ ካሴም "ምናለ ጮኼ በተናገርኩት" እንዳሉ አለፉ።

አሁን ሰቆጣ ነው ያለነው። እንጉዳይ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ገበያ ስትወጣ ከኋላዋ እከተላታለሁ። ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ እሷ ወደፊት ትሄዳለች፣ እኔ ስሟን እጠራለሁ። እንደማትሰማኝ እያወቅሁ እጮሃለሁ። እኔ ስሞት ማን ይከተላታል እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።

በየመስከረሙ ከዳገቱ ኮሸሽላ ቆርጣ ታመጣና ጣሳ ውስጥ ታቆመዋለች። ያን ክብ አበባ ትወደዋለች። ጣቷን ወደ አበባው ቀስራ፣ አያምርም ወይ በሚል ዓይን ታየኛለች። እኔም አዎ ብዬ ራሴን እነቀንቅላታለሁ። በእጅ ምልክት ይህን ሁሉ እንዴት ብዬ ላስረዳት? እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።