ከጓሯችን ጀርባ የበቀለው አረም

ወንድሜ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሆዱ የሚቀበለው ወተት ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ ሳንባው ነው አሉን። እኔ ግን ወተቱን ጠረጠርኩ። መርሮ ነበር።

የምታመጣልን በዕድሜ የገፋች ሶማሌ ጎረቤታችን ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ «ኤዶ» እንላታለን፣ አክስቴ እንደማለት። ከማለቧ በፊት ዕቃውን በሚጤስ እንጨት ታጥነዋለች። ጅግጅጋ ያደገ ሰው ያን የጭስ ጣዕም ይወደዋል። ይኼ ግን የጭስ አልነበረም። ሶማሌና ሌላው ጎረቤት ከተጋጨበት ረብሻ ወዲህ በሰፈራችን ሰው የሰውን እጅ በጥርጣሬ ማየት ለምዷል። እኔም የሷን እጅ አይ ጀመር። ወተቱን ሰጥታኝ ለምን ቶሎ ትሄዳለች? ለምን የወንድሜን መስኮት ታያለች?

ከቀብሩ በኋላ ለእናቴ ነገርኳት። ዝም በል አለችኝ። በማግስቱ ግን ወተት በቃን ብላ ሴትዮዋን መለሰቻት።

ሐዘንተኛው ሲበተን ላሟ ወደምትሰማራበት፣ ከጓሯችን ጀርባ ወዳለው ባዶ መሬት ሄድኩ። ድሮ ሣር ነበር። አሁን ነጫጭ አበባ ያለው አረም ሞልቶታል። ሽማግሌዎች በድሮው የሶማሌ ጦርነት ጊዜ በወታደር መኪና ጎማ መጣ ይላሉ። ሌሎች ከእርዳታ ስንዴ ጋር ነው ይላሉ። እርግጡን የሚያውቅ አላገኘሁም። እሬት እንኳ ለቁስል ይሆናል፣ የቁልቋል ፍሬ ይበላል። ይኼ ሲደርቅ እሳት ከማያያዝ በቀር ምንም አይረባም።

ኤዶ እያለበች ነበር። ምን ጨመርሽበት ልላት አልደፈርኩም። ወተቱ ለምን መረረ አልኳት።

«እኔ ነኝ እንጂ የምጠይቅህ» አለች፣ ማለቧን ሳታቆም። «ጓሯችሁ መድኃኒት ረጭታችኋል? ወንድምህ ከታመመ ወዲህ ላሜ እዚህ በልታ ወተቷ ይመርራል።»

«እኛ? ምን ብለን?»

«እኔስ ምን ብዬ?»

ላሟ አረሙን ታኝካለች። አንድ ቅጠል ቀጥፌ ቀመስኩ። ያው ምሬት ነው። ለሷም ሰጠኋት፣ ቀምሳ ተፋችው።

ላሟን ሌላ ቦታ እንድታሰማራ ነገርኳት። «የት?» አለችኝ። ዙሪያውን ያው አረም ነው።

አረሙ ወንድሜን ገደለው አልልም። ግን ሳንባው ሲታመም መስኮቱ ሥር አብቦ የከረመው እሱ ነው። ሴትዮዋ ብትሆን ኖሮ፣ ቢያንስ የምጣላው ሰው ይኖረኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። «ሂድና ከነገ ጀምሮ ታምጣ በላት» አለች።

ታመጣለች። እናቴ ታፈላዋለች። እኔ ከመጠጣቴ በፊት አሁንም አሸተዋለሁ።