ከሠርጉ ማግስት ወደ አዲ አርቃይ

ወንድሜ ሠርጌ ጎንደር ይሁን ሲል ለአባታችን ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል። ለሙሽራዋ ቤተሰቦች ግን እንዲያ አላላቸውም። የነገራቸው ስለ ግንቡ፣ ስለ ፎቶው፣ ከተማውን ቁልቁል ስለሚያየው ሆቴል ነበር። እነሱም አዲስ አበባ ከሚደገሰው ሠርግ የተለየ ይሆናል ብለው ደስ አላቸው።

አባቴ አዲ አርቃይ ላይ ሠላሳ ዓመት ጎሚስታ ነበሩ። የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ የመጣ የጭነት መኪና ጎማውን የሚያሳየው እሳቸው በር ላይ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ከእናቴ ጋር ሽቅብ ወደ ደባርቅ ሸሹ። እናቴ ስኳር ነበረባት፤ መድኃኒቷ በስደት አለቀና ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር ተጠልለው ሳሉ እዚያው ሞተች። ከዚያ ወዲህ አባቴ የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ እኔ ቤት ነው። ማለቴ የሚያድሩት። "ክረምቱ ይውጣ እንጂ ቤቴ እገባለሁ" ይላሉ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ "ጥምቀት ይለፍ" ይላሉ።

ቤቱ ግን አልነበረም። እዚያው የቀረች ጎረቤታችን ለወንድሜ ደውላ ነግራዋለች። ጣሪያው ተነቅሏል፣ ጎማ የሚነፉበት ኮምፕሬሰር ተወስዷል፣ ግድግዳው በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ግማሹ ወርዷል። ወንድሜ ሲነግረኝ አባቴ ሳሎን ተቀምጠው ዜና ይሰሙ ነበር። "ቤቱ ደህና ነው፣ ትንሽ ጥገና ብቻ ነው የሚፈልገው እንበላቸው" ያልኩት እኔ ነኝ። እንደዚያው አልናቸው።

ሠርጉ አማረ። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም፤ ጥምቀተ ባሕሩ ባለበት በቀሐ አካባቢ በበዓሉ የተሰቀለው ባንዲራ ገና አልወረደም ነበር። አባቴ እጅጌው የረዘመ ግራጫ ሱፍ ለብሰው ከሙሽሮቹ ጎን ቆሙ። ፎቶ አንሺው "አባባ፣ ወደዚህ ይመልከቱ" እያለ ሦስት ጊዜ ለመናቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት ወደ ደባርቅ መውጫ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ሦስት ቀን ጨምረን ሁላችንም ተራራ ለተራራ ልንዝናና ተስማምተን ነበር። መኪና ተከራይተን፣ ኮሶዬ ምሳ በልተን፣ ደባርቅ አድረን፣ የሰሜን ተራሮችን አይተን ልንመለስ። በማግስቱ ጠዋት ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ ክፍሌ መጣች።

"እማዬ መንገዱን ፈርታለች" አለችኝ። "እኛም ከእነሱ ጋር በአውሮፕላን ልንመለስ ነው። አትቀየሚኝ።"

ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። "አንቺ ውሰጃቸው። የእማዬን መቃብር ይዩ፣ ንፋስ ያግኛቸውና ተመለሱ። ከደባርቅ ግን እንዳታሳልፊያቸው" አለኝ። እሺ አልኩት።

ሾፌራችን የጎንደር ልጅ፣ ሳቂታ ጎልማሳ ነበር። ኮሶዬ ከመንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ሽሮ በላን። ቀዝቃዛ ነፋስ ከገደሉ ሽቅብ ይመጣል። አባቴ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው መኪናውን ዞሩት፤ እያንዳንዱን ጎማ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

"የኋላ ቀኙ ንፋስ አንሶታል" አሉ።

"ትናንት የተነፋ ነው፣ አያ።"

"አንሶታል አልኩህ።"

ዳባት ላይ ሲለካ እውነትም አንሶት ነበር። ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። "አያ፣ ምነው ከእኔ ጋር ቢሠሩ! ሸጋ እጅ ነው ያለዎት" አላቸው። አባቴ ፈገግ አሉ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያንን ፈገግታ አይቼው አላውቅም። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣኋቸው። እንኳን መጣን አልኩ በልቤ።

ደባርቅ ደረስን። የእናቴ መቃብር ላይ የተተከለው የእንጨት መስቀል ጽሑፉ በዝናብ ታጥቦ ስሟ አይነበብም። አባቴ ተንበርክከው ዙሪያውን ያለውን ደረቅ ሣር በእጃቸው ነጩ። አላለቀሱም። አፈሩን ከጉልበታቸው አራግፈው መኪና ውስጥ ሲገቡ "በል፣ አሁን ቤት እንሂድ" አሉት ሾፌሩን።

"የትኛው ቤት?" አልኩ።

"ቤቴ ነዋ።"

"አባዬ፣ እዚህ ሆቴል ይዘናል። ነገ ተራራውን እናያለን።"

"ተራራውንማ ዕድሜ ልኬን ከታች ሆኜ ሳየው ኖሬያለሁ።"

ሾፌሩ በቅንነት "መንገዱ ሰላም ነው። ትናንትም ወርደው የተመለሱ አሉ" አለ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ቤቱ እኮ ጥገና ይፈልጋል ብለንዎታል" የሚል ነው።

"ታዲያ ስለዚያ አይደል የምሄደው? ማን ሊጠግነው ነው?"

ሊማሊሞን ስንወርድ አባቴ የማውቃቸው ሰው አልነበሩም፤ ወጣት ሆኑብኝ። በየመታጠፊያው የቱ መኪና የት እንደተገለበጠ፣ ማን እንደተረፈ ያወራሉ። ፍሬን ሲሸታቸው "በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ በፍሬን አትመካ" ይሉታል። እየወረድን ስንሄድ ሙቀቱ ጨመረ፤ ሱፋቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አጠፉት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ለወንድሜ እደውላለሁ። ኔትወርክ የለም። ዛሪማን ስናልፍ መደወሉን ተውኩት።

አዲ አርቃይ ስንደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። አባቴ "እዚህ ጋ" አሉ፤ ሾፌሩ ቆመ። ከፊታችን አንድ ግድግዳ ብቻ ቆሟል። ራሳቸው በሰማያዊ ቀለም "ጎማ እንጠግናለን" ብለው የጻፉበት ነው፤ "ጎማ እን" የሚለው ቀርቷል፤ ሌላው ከግንቡ ጋር ወድቋል። ቤት በነበረው ውስጥ ፍየል ታስራለች።

አባቴ አልወረዱም። መስኮቱን ብቻ ዝቅ አደረጉት።

ጎረቤታችን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ስታውቃቸው በመስኮቱ አንገታቸውን አቅፋ አለቀሰች። ስለ እናቴ አለቀሰች፤ በጦርነቱ ስላጣችው ልጇም አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችና "ምነው አመጣሻቸው?" አለች። "እንዳያዩት ብዬ ነበር እኮ ለወንድምሽ አስቀድሜ የነገርኩት።"

"መቼ ነው የነገርሽው?" አሏት አባቴ።

"አምና፣ ከፋሲካ በፊት።"

ዞር ብለው አዩኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። እንደ ደንበኛ ነው ያዩኝ፤ ሥራ እስኪያልቅ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ የማያውቁት ሰው። ከዚያ ወረዱ። በሩ በነበረበት ገብተው፣ ፍየሏን አልፈው፣ ኮምፕሬሰሩ ይቀመጥበት የነበረው ሲሚንቶ ላይ ቆሙ። የዘይቱ ጥቁር ምልክት አሁንም አለ። ቆይተው ቆይተው ተመለሱ። ጎረቤታችን ውሃ አቀረበችላቸው፤ ጠጡ፤ መረቋት።

"ንዳ" አሉት ሾፌሩን።

ሽቅብ ስንወጣ ስለ መታጠፊያዎቹ አላወሩም። ግማሽ ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ሳይዞሩ ተናገሩ።

"እናትሽ ልትሞት ስትል ስለ ቤቱ ጠይቃኝ ነበር። እንዳለ ነው፣ ዓርብ እንገባለን አልኳት። ከየት አውቄ? ዝም ብዬ ነው። አመነችኝ።" ቀጥለውም "እኔም አመንኳችሁ" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አባዬ።"

ሾፌሩ ሬዲዮኑን ሊከፍት እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

በማግስቱ ደባርቅ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ሾፌሩ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚታይበት ገደል ቅርብ ነው አለን። አባቴ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እሆናለሁ" አሉ። ማንም አልሄደም። ጎንደር ተመለስን። ኮሶዬ ላይ ስንቆም ከመኪናው አልወረዱም።

ወንድሜ በኋላ ቤቴ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። "ተነሥ፣ ምንም አላደረጋችሁኝም" አሉት። ያሉትም የምራቸውን ነበር። ብዙም ሳይቆይ በዚያ አገር ሌላ ተኩስ ተነሣ፣ መንገዱም ተዘጋ። እኔ ዜናውን እየሰማሁ በድብቅ አየኋቸው፤ ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ክረምቱ ይውጣ ማለትም ቀርቷል። ጎረቤታችን ስትደውል ስልኩን አያነሡም፤ እኔ አነሣለሁ።

እንደ እኔ ፍላጎትማ ይህ ነበር የሚሆነው፤ ሐሳባቸው እንዲሰበሰብ፣ እኔ ጋ እንዲረጉ። አሁን ረግተዋል። ጠዋት የተቀመጡበት ወንበር ላይ ማታ አገኛቸዋለሁ። ያቀረብኩላቸውን ይበላሉ። ብንናገርም ባንናገርም ያው ነበር ይለኛል ወንድሜ። ያው አልነበረም። እኛ እየዋሸናቸው ሳለን የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው።

ባለፈው መታወቂያ ልናወጣላቸው ወረዳ ሄድን። ጸሐፊዋ ትሑት ልጅ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ስም ጠየቀች፣ ነገሯት። የትውልድ ዘመን ጠየቀች፣ ነገሯት። "ቋሚ አድራሻ?" አለች።

አባቴ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቷት። "እሷን ጠይቂያት" አሉ።

የእኔን ቤት ቁጥር ነገርኳት፤ ጻፈችው።